መለኪያዬ ዜሮ ያለ ጊዜ

ባለቤቴ «ይህን ነገር ለሰው ባታወራው ምን ይቀርብሃል?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ የሚቀርብኝ የለም። ግን አንድ ከተማ ሙሉ ሰው ያወቀብኝን ጉድ እናንተ ባታውቁት የማተርፈው ምንድነው? ስለዚህ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

ቤቴ ጂማ፣ ጊንጆ ሰፈር ነው። የምሠራው ግን ከሸቤ አለፍ ብላ ባለች ትንሽ የቡና ከተማ፣ በውሃ አገልግሎቱ ውስጥ ነው። ሰኞ ማለዳ በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ዓርብ እመለሳለሁ። የከተማዋን ስም አልጠራም። ይህን ካደረስኩባት በኋላ ስሟን ደግሞ ማንሳት ግፍ ይሆንብኛል።

የሥራ መደቤ «የውሃ ጥራት ባለሙያ» ይባላል። ለዓመታት ግን የውሃ ጥራት የምለካበት አንዳች ነገር አልነበረኝም። ሥራዬ ቧንቧ የፈነዳበትን ሰፈር መመዝገብ፣ የተመዘገበውን በንጹህ ወረቀት መገልበጥ፣ በየሦስት ወሩ ደግሞ «የውሃው ጥራት በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ነበር። ይህንን የምጽፈው አባ ፊጣን አምኜ ነው።

አባ ፊጣ ኮረብታው ላይ ያለውን የከተማዋን የውሃ ታንከር የሚጠብቁ፣ ክሎሪኑንም የሚጨምሩ ሽማግሌ ናቸው። ክሎሪኑ በበርሜል የሚመጣ ነጭ ዱቄት ነው። በየማለዳው አንድ ጣሳ ሰፍረው በባልዲ ውሃ ይበጠብጡና ታንከሩ ውስጥ ይገለብጡታል። ትንሽ ቆይተው በኩባያ ይቀዳሉ፣ ያሸታሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ከዚያ «ጋሪ» ይላሉ። ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። የከተማዋ የውሃ ጥራት ቁጥጥር ይኸው ነበር፤ አሁን ሳስበው ከእኔ የተሻለ ቁጥጥር ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን በእጅ የምትያዝ የውሃ መለኪያ መጣችልን። ከእሷም ጋር ጂማ ላይ የሁለት ቀን ሥልጠና መጣ። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉውን ተከታተልኩ። የሁለተኛውን ቀን ጠዋትም ተከታተልኩ። ከሰዓት በኋላ ግን ፊርማዬን አስቀድሜ ፈርሜ ወጣሁ። ጥርሴን አሞኝ ነበር ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። የወጣሁት ጫማ ልገዛ ነው። ጫማውም ጠቦኛል።

መለኪያዋ ሁለት ነገር ትነግራለች። አንደኛው ፒኤች ነው፤ ውሃው ወደ ኮምጣጣ ያዘነብል ወይም ወደ አመድ ውሃ ይጠጋ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር። ሁለተኛው ክሎሪን ነው። ለክሎሪን ውሃውን በትንሽ ብልቃጥ ትቀዳላችሁ፣ አንዲት ከረጢት ዱቄት ትጨምራላችሁ፣ ትነቀንቃላችሁ። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል፤ በበዛ ቁጥር ሮዙ ይደምቃል። ብልቃጡን መለኪያዋ ውስጥ ከታችሁ አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ቁጥሩ ይወጣል። በቃ። ይህን ያህል ቀላል ነገር አንድን ከተማ ያስለቅሳል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

የመጀመሪያውን ልኬት ያደረግሁት መናኸሪያው አጠገብ ቁርስ ቤት ካላት ከዘሃራ ቧንቧ ላይ ነው። ዘሃራ ፉሏ የታወቀ፣ ቃሏ አጭር የሆነ ሴት ናት፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ የምበላው እሷ ጋ ነው። ውሃውን ለካሁ፣ ዜሮ። ሌላ ቧንቧ ለካሁ፣ ዜሮ። ወደ ታንከሩ ወጣሁ፣ ዜሮ። አባ ፊጣ አቀርቅረው ቁጥሯን አዩና «መሣሪያህ ታሟል» አሉኝ። በርሜሉን ስንከፍት ግን ክዳኑ ተሰንጥቆ፣ ዱቄቱ ርጥበት ገብቶት ድንጋይ ሆኗል። ጉልበቱ ካለቀ ቆይቷል። መጠኑን ሁለት ጣሳ አደረግነው፣ ሦስት፣ አራት። በአራተኛው ጣሳ ብልቃጤ ውስጥ ፈዘዝ ያለች ሮዝ ቀለም ብቅ አለች።

የእኔ ጥፋት የጀመረው እንግዲህ በዚያች ቀለም ነው። ሥራ አስኪያጃችን በስብሰባ ላይ ተነስቼ እንድቆም አደረጉኝና «ሳይንስ ማለት ይኼ ነው» አሉ። ሰው አጨበጨበ። ከጤና ጣቢያው ነጭ ጋውን ተዋስኩ። በከተማዋ ውስጥ ጋውን ለብሼ፣ መለኪያዬን በአንገቴ አንጠልጥዬ መዞር ጀመርኩ። አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቁመውኝ ጉልበታቸውን እንድመረምርላቸው ለምነውኛል። አየሁላቸው።

ሳምንት ሳይሞላ አዲስ በርሜል መጣ። አባ ፊጣ ከፈቱትና ፊታቸውን መለስ አደረጉ።

«ኢልመ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይኼኛው ሽታው ብርቱ ነው። ወደ አንድ ጣሳችን እንመለስ።»

«አይ አባ ፊጣ፣ እርስዎ በግምት የሚሠሩበት ጊዜ አልፏል። መለኪያዋ ትወስን።»

አራት ጣሳ ጨመርን። በማግስቱ ጠዋት ከዘሃራ ቧንቧ ቀዳሁ፣ ዱቄቴን ጨመርኩ፣ በጋውኔ ጫፍ ጠቅልዬ ነቀነቅሁ። ብልቃጡ ላይ የጣት አሻራ ካለ ቁጥሩ ይዛባል ተብሎ ስለተነገረን ሁልጊዜ በጋውኔ ጠቅልዬ እያሸሁ ነው የምነቀንቀው። ገልጬ ሳየው ውሃው ጥርት ያለ ነው። ዜሮ። እንግዲህ አዲሱም በርሜል የተበላሸ ነው ብዬ ስድስት ጣሳ አዘዝኩ። ዜሮ። ስምንት አዘዝኩ። አሁንም ዜሮ።

በሦስተኛው ቀን ዘሃራ አንድ ብርጭቆ ሻይ ፊቴ አስቀመጠች።

«ቅመሰው።»

ቀመስኩት። «ብርጭቆሽን በምን ነው የምታጥቢው?»

«እንዳትለው። በረኪና በረኪና የሚለው ከቧንቧው ነው። ደንበኞቼ ሻዩን እየመለሱ ነው፤ ብርጭቆ በበረኪና ታጥባለች እያሉ ስሜን እያጠፉት ነው።»

እዚያው ቁርስ በሚበላው ሰው ፊት ከቧንቧዋ ቀድቼ ለካሁ። መለኪያዋን ወደ ሰዉ አዙሬ አሳየሁ። «ያው። በረኪና ማለት ክሎሪን ነው። ክሎሪን ደግሞ ዜሮ።»

«ምላሴስ?» አለችኝ።

«ምላስ ባለሙያ አይደለም» አልኳት።

እስከ ዛሬ ከአፌ ከወጡት ቃላት ሁሉ የዚያችን ያህል የምቆጭባት የለችም። ሰዉ ሳቀ። ዘሃራ አልሳቀችም፤ ብርጭቆውን አንስታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ቅሬታው ተከታተለ። መስጊድ ለሶላት በውዱእ የሚታጠቡ ሰዎች ዓይናችን ተቃጠለ አሉ። እኔ አቧራ ነው አልኩ። የሥራ አስኪያጁ ጥቁር ሱሪ ከመታጠቢያ ሲወጣ ጭኑ ላይ የአገር ካርታ የመሰለ ነጭ ነገር ይዞ ወጣ። እኔ ቀለሙ ርካሽ ነው አልኩ። በየአጥሩ የተሰጣው ልብስ ሁሉ እየገረጣ ሄደ፤ የእኔ ጋውን ብቻ ከምንጊዜውም ነጥቶ ነበር። ይህንንም የሳሙናው ጥራት ነው አልኩ። ፒኤቹ እንኳ ሊያስጠነቅቀኝ ሞክሯል። የእኛ አካባቢ ውሃ ከሰባት በታች ነው የሚውለው፤ በዚያ ሰሞን ወደ ዘጠኝ ተጠጋ። ሪፖርቴ ላይ «ምናልባት ከአለቱ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል» ብዬ ጻፍኩ። የክሎሪን ዱቄት ሲበዛ ፒኤች ከፍ እንደሚል ተምሬ ነበር። ያን ዕለት ደግሞ አልቀረሁም፤ ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ።

ሰዉ የእኔን መለኪያ ትቶ የራሱን አፍና ዓይን አመነ። ጀሪካኑን ይዞ ወደ ወንዝ መውረድ ጀመረ። ጊዜው የቡና እሸት የሚለቀምበት ነው። ከላይ ያሉት የቡና ማጠቢያዎች የሚለቁት ውሃ ወንዙን ቡናማ አድርጎት፣ ሽታው ከመንገድ ይሰማል። ሴቶቹ የእኛን የቦኖ ቧንቧ እያለፉ ወደዚያ ሲወርዱ በቢሮዬ መስኮት አያለሁ። የማስበውም «የሰው አለመማር» የሚል ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ጤና ጣቢያው ተቅማጥ በዝቷል ብሎ ደወለ። ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ።

«ውሃው ክሎሪን አለው?»

«ዜሮ ነው ብዬ ሪፖርት አድርጌ ነበር» አልኳቸው። ይህን ስል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደረቴ ተነፍቶ ነበር። የሰው መታመም የመለኪያዬን ትክክለኛነት ያረጋገጠ መሰለኝ።

«ጨምራ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ።

ወደ ኮረብታው ሮጥኩ። አባ ፊጣ የታንከሩ በር ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደም ለብሷል፣ የእጃቸው ቆዳ ተሰነጣጥቋል።

«አሥራ ሁለት ጣሳ» አልኳቸው።

«እኔ አልጨምርም።»

«ሰው እየታመመ ነው አባ ፊጣ። የዘሃራ ልጅ ሐያት ጤና ጣቢያ ተኝታለች። የስድስት ዓመት ልጅ ናት።»

«ሰምቻለሁ። አላህ ያሽራት። እኔ ግን በዚህ እጄ ከዚህ በላይ አልጨምርም። ከፈለግህ ጣሳው ያው።»

ጣሳውን አነሳሁ። በጋውኔ አፌን ሸፍኜ ሰፈርኩ፣ በጠበጥኩ፣ በመሰላሉ ወጥቼ ገለበጥኩ። የታንከሩ አፍ ላይ እንፋሎቱ ሲመታኝ ጉሮሮዬ ተዘጋ። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት ሣሩ ላይ በጉልበቴ ተንበርክኬ ስስል ነው። እንባዬና ንፍጤ ተቀላቅሏል። አባ ፊጣ ፊቴን ከቤታቸው ባመጡት የዝናብ ውሃ አጠቡልኝ። ሰው የሚባል ፍጡር እዚህ ላይ ይበቃዋል። እኔ ግን ሳሌ ጋብ እንዳለ ከታንከሩ ቀዳሁና ብልቃጤን አወጣሁ።

እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ብልቃጡን መጠቅለል አልቻልኩም። አባ ፊጣ ያዙልኝ። ዱቄቱን ጨመርኩ። ዓይኔ በእንባ ስለተሞላ እኔ አላየሁም፤ እሳቸው ግን እያዩ ነበር።

«ቀላ» አሉ።

«ምን?»

«ቀላ፣ ጠፋ። አሁን ነጭ ነው።»

«ምንም አልቀላም አባ ፊጣ። ይኸው፣ ዜሮ ይላል።»

«እኔ ዓይኔ ታመመ እንጂ አልጠፋም። ድገመው።»

ደገምኩት። ዓይኔን በእጅጌዬ ጠርጌ ተመለከትኩ። ዱቄቱ ውሃውን እንደነካ ብልቃጡ ውስጥ ደማቅ ሮዝ ብልጭ አለ፤ እስትንፋስ ሳልጨርስ ነጥቶ ጠፋ።

«የሚስቴ ቀይ ሻሽ እንደዚሁ ነው የሆነው» አሉ አባ ፊጣ፣ ቀስ ብለው። «በዚሁ ውሃ።»

 ሣሩ ላይ ተቀመጥኩና ጂማ ላሠለጠነችን ሴትዮ ደወልኩ። ያየሁትን ነገርኳት።

«ክሎሪኑ ከመጠን በላይ ሲበዛ ቀለሙን ራሱን ያነጣዋል» አለችኝ። «መሣሪያዋ ቀለም ካላየች ዜሮ ትላለች። እንዲህ ሲሆን ውሃውን በሌላ ንጹህ ውሃ አቅጥነህ ነው የምትለካው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እኮ ይህንኑ ብቻ ነው ያስተማርኩት። ስምህን ማን አልከኝ?»

«ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

አንድ እጅ የታንከር ውሃ በአሥራ ዘጠኝ እጅ የታሸገ ውሃ አቅጥኜ ለካሁ። አሁን ሮዙ ደመቀ፣ አልጠፋምም። የወጣውን ቁጥር በሃያ ሳባዛው ያገኘሁት ለሽንት ቤት ወለል እንጂ ለሰው ሆድ የሚሆን አልነበረም። አባ ፊጣ «ስንት ሆነ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ተነስተው ወደ ከተማዋ የሚወርደውን ውሃ ቆለፉ።

ለሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ነገርኳቸው። የተናገሩት «ሱሪው የሰርጌ ነበር» ብቻ ነው። በባጃጅ ድምፅ ማጉያ ውሃ መቋረጡ ተነገረ። ታንከሩን አስለቀቅን። ወደ ወንዙ እንዳይገባ አባ ፊጣ በዶማ ቦይ ቀደዱለትና ባዶ ሜዳ ላይ ፈሰሰ። በማግስቱ ወጥቼ ሳይ ውሃው ያለፈበት ሣር እንደ ገለባ ቢጫ ሆኗል። ብዙ ቆሜ ተመለከትኩት። ይህን ነበር ሰዉን ጠጣ ብዬ የማዘው።

ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ጋውኑን መመለስ ነበረብኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ለጋውኑ ብቻ ቢሆን በሰው እልከው ነበር። ሐያት ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኝታለች። ዘሃራ አጠገቧ ናት።

«ዘሃራ፣ የምነግርሽ ነገር አለ።»

«ተቀመጥ።»

«መቆም ይሻለኛል። ውሃው ውስጥ በረኪና ነበረ። ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። መሣሪያዋን ማንበብ አላወቅሁበትም።»

የልጅቷን ብርድ ልብስ አስተካከለች።

«እንግዲያው ወንዝ ወርጄ ለልጄ ያን ውሃ የቀዳሁላት ባንተ ነው።»

«በእኔ ነው።»

«ዋላሂ፣ የምሰድብህበት ቃል አጣሁ። ደክሞኛል።» የግሉኮሱን ጠብታ አየች። «ትድናለች ብለውኛል፣ አልሀምዱሊላህ። ባትድን ይቅርታህን ምን አደርገው ነበር?»

ጋውኑን በእጄ አጣጠፍኩት። 

«ነገ ጠዋት ቁርስ ቤት ና» አለችኝ። «ለደንበኞቼ ራስህ ትነግራቸዋለህ። በአፍህ።»

ሄድኩ። የቁርስ ቤቷ በር ላይ ቆሜ፣ ከሚኒባስ ለሚወርደውም ለሚሳፈረውም፣ ሰው በገባ ቁጥር ተናገርኩ። በረኪናው የዘሃራ አይደለም፣ የእኔ ነው፤ መለኪያዋ አልተሳሳተችም፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። አንድ ሹፌር ፉሉን እየጠቀሰ ሰማኝና «አሁን የምጠጣውስ?» አለ። ዘሃራ ከውስጥ «የታሸገ ውሃ ነው፣ ጠጣ» አለችው። አንድ ሽማግሌ አማርኛዬ አልገባቸውም ኖሮ በኦሮምኛ ድገምልኝ አሉ። ደገምኩላቸው። በኦሮምኛ ሲሆን ጥፋቱ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ የምደበቅባቸውን የቢሮ ቃላት በዚያ ቋንቋ አላውቃቸውም። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ «ታዲያ አባ ፊጣን ለምን አልሰማህም?» አሉ። 

ታንከሩ ታጥቦ ተሞላ። አባ ፊጣ አንድ ጣሳ ጨመሩ፣ ቀመሱ፣ ኩባያውን ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ለካሁ፤ አቅጥኜም ሳላቀጥንም ለካሁ። መሆን ያለበት ቦታ ላይ ነበር። ውሃው ተለቀቀ። ማንም ግን አልመጣም።

ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ቦኖው ጋ ስቆም ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እንደያዙ ያልፉኛል። ሰላምታዬን ይመልሳሉ፣ ውሃዬን አይወስዱም። ወንዙ እንደዚያው ቡናማ ነው። «እናቶቼ፣ አሁን ንጹህ ነው፣ ለክቼዋለሁ» ብላቸው ይብስ ፈጥነው ይራመዳሉ። ከእኔ አፍ «ለክቼዋለሁ» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ሌላ ምን ያድርግ? ቢቸግረኝ ብርጭቆ ይዤ ሄጄ በሚያልፈው ሰው ፊት ራሴ መጠጣት ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን እስከ ረፋድ ሰባት ብርጭቆ ጠጣሁ። አንዷ ጓደኛዋን «ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» ስትላት ሰማሁ። «ቅጣት ላይ ነው» አለቻት። አባ ፊጣ በሁለተኛው ቀን ከኮረብታው ወርደው አጠገቤ ተቀመጡ። ኩባያቸውን አውጥተው አብረውኝ ጠጡ። ሁለታችን ሆዳችን እንደ ከበሮ ተነፍቶ ሰው ስንጠብቅ ዋልን። አንድም ጀሪካን አልመጣ።

በአምስተኛው ቀን ዘሃራ ሐያትን በእጇ ይዛ መጣች። ልጅቷ ከስታለች፣ ግን በእግሯ ነው የምትሄደው። ዘሃራ አንድ ጀሪካን ቧንቧው ሥር አስቀመጠች። ከፈትኩላት። ጀሪካኑ ሞላ።

«ለመጠጥ ነው?» አልኳት።

«ለእግር መታጠቢያ ነው» አለች።

ቧንቧውን ዘጋሁላትና አመሰገንኳት።